ሰባ ተብሎ ስለተጻፈው መቶ አራት ኩንታል

አርቦዬ፣ ሰኔ ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለክቡር የጭነት መኪና ስምሪት ጽሕፈት ቤት ሹም
አሰላ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። የአሰላ ብርድ በሰኔ መግቢያ ጉልበት እንደሚይዝ ስለማውቅ፣ በቢሮዎ ያለው ከሰል እንዳይጠፋብዎ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበርዎም እንዳይነቃነቅብዎ እመኛለሁ። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው አርቦዬን ከአንድ ቀን በላይ ሳያዩ የአርቦዬን መንገድ ማስተዳደር ስለቻሉ፣ ወንበሩ ሊጠበቅ ይገባዋል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ግን ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ክቡርነትዎ እኔን ያስታውሱኛል ብዬ አልደፍርም። ስሜ ወልደጻድቅ ይባላል። ከተጉለት ተመድቤ ወደ አርሲ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ሦስቱን ዓመት በዴራ ኬላ፣ ስድስቱን በዚህ በአርቦዬ ኬላ በጸሐፊነት አገልግያለሁ። ሥራዬ ቀላል ነው። የጭነት መኪና ሲመጣ አግዳሚውን እንጨት ዘግቼ ታርጋውን፣ የሾፌሩን ስም፣ የጭነቱን ዓይነት፣ የኩንታሉን ብዛትና የሚሄድበትን ቦታ በአምስት ዓምድ እጽፋለሁ፤ ከዚያም እንጨቱን አነሳለሁ። በወሩ መጨረሻ ግልባጩን ለክቡርነትዎ እልካለሁ። ክቡርነትዎም ከየኬላው የመጣውን ቁጥር አይተው፣ የትኛው መስመር ምን ያህል ጭነት እንዳለውና ስንት መኪና እንደሚበቃው ይወስናሉ። በመዝገቤ ላይ እኮራ ነበር። ጽሕፈቴ ያማረ ነው ይሉኛል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የጻፍኩት ውሸት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚያ ቁጥር ነው።

ይሁንና ምስጋናዬን ሳላቀርብ ወደ ጥፋቴ ብገባ ብልግና ይሆንብኛል።

መጀመሪያ የማመሰግንዎ ስለ ዴራው ዘመኔ ነው። በዴራ ሳለሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጻፍኩ በኋላ መዝገቡን ወደኋላ ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ማንም አላዘዘኝም። ከኅዳር እስከ የካቲት ከአሰላና ከሁሩታ የሚወርዱት መኪናዎች ጎማቸው እስኪያቃስት ተጭነው ያልፋሉ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ሸራቸውን ነፋስ እያራገበው ባዶ ያልፋሉ። ደግሞም በዴራ ቆላ እህሉ ቀድሞ ይነሳል፤ በደጋው የሚወቃው ከዚያ ሁለት ወር ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ያው መኪና በኅዳር የቆላውን፣ በጥር የደጋውን ጭነት ሊያነሳ ይችላል፤ አዲስ መኪና መግዛት እንኳ አያስፈልግም ነበር። ይህን በስምንት ገጽ ጽፌ ላክሁ። በሁለት ወር ውስጥ መልስ አገኘሁ፤ ለሥራ ባሳየሁት ትጋት ምክንያት ወደ አርቦዬ የተዛወርኩ መሆኔን የሚገልጽ ነበር። ስምንቱ ገጽ የት እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለክቡርነትዎ ቢሮ ከሰል ማቀጣጠያ ሆኖ ከሆነ ግን በከንቱ አልደከምኩም እላለሁ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ አርቦዬ መንገድ ነው። በ፲፱፻፵፭ ዓ.ም. ስመጣ በዚህ መስመር ሰባት መኪናዎች ፈቃድ ነበራቸው። በዚያ ዓመት በጥር ወር ሰባቱም ሲመላለሱ ከርመው፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የስንዴ፣ የምስርና የተልባ ጆንያ ተቆልሎ ቀረ። እኔ ግን በመዝገቤ የጻፍኩት ያለፈውን ብቻ ነው፤ የቀረውን የምጽፍበት ዓምድ አልነበረኝም። ክቡርነትዎ የእኔን ቁጥር ከአሰላው ቁጥር ጋር አስተያይተው የአርቦዬ ጭነት አነስተኛ ነው አሉና ሦስቱን መኪና ወደ አሰላ መስመር ወሰዱ። አራት መኪና ሲቀር፣ እርግጥ ነው፣ ያለፈው ጭነት አነሰ። በሚቀጥለው ዓመት ያነሰውን ቁጥር አዩና ሁለቱን ደግሞ ወሰዱ። ሁለት መኪና ከሁለት መኪና የበለጠ ሊጭን ስለማይችል ቁጥሩ እንደገና አነሰ። በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. አንድ መኪና ቀረን።

ይህን ነገር ለመረዳት አራት ዓመት ፈጀብኝ፤ ስለዚህ ክቡርነትዎ ስድስት ዓመት ቢፈጅብዎ አልፈርድብዎትም። እኔ ጭነት እቆጥራለሁ ብዬ ሳስብ የምቆጥረው መኪና ነበር። መኪና ያልሄደበት ቦታ በመዝገቤ ውስጥ እህል አያበቅልም፤ እህል የማያበቅል ቦታ ደግሞ መኪና አይላክለትም።

ነገሩ የገባኝ ዕለት ስድስተኛ ዓምድ አሰመርኩ። በቀይ እርሳስ አናቱ ላይ "የቀረ" ብዬ ጻፍኩበት። በየገበያው ቀን ከኬላው ወጥቼ በሜዳው እየዞርኩ የማን ጆንያ እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደጠበቀ ጠይቄ እመዘግብ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ያገኘሁት አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ኩንታል ነበር። ይህ ሁሉ እህል አራት ዓመት ሙሉ ከአፍንጫዬ ሥር ተኝቶ እኔ አለ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ለክቡርነትዎ ላክሁት። ቅጹ በመንግሥት የተፈቀደው በአምስት ዓምድ ስለሆነ ስድስተኛው እንዲሰረዝና ቀይ እርሳስ በከንቱ እንዳይባክን ማሳሰቢያ ደረሰኝ። ማሳሰቢያውን ተከትለውም ራስዎ አርቦዬ ድረስ መጥተው ጉዳዩን በዓይንዎ ለማየት መልካም ፈቃድዎ ሆነ፤ የመጡት በሐምሌ ነበር። ሜዳው ላይ ከሳርና ከኩሬ በቀር ምንም አላዩም። "ታዲያ ጭነቱ የታለ?" ብለው ፈገግ ያሉትን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ጫማዎ ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ያነጠፍኩልዎ ሰው እኔ ነበርኩ።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በቁጥር መደርደር አልቻልኩም።

የቀረችው አንዲት መኪና ከጣሊያን ጊዜ የተረፈች ትሬንታ ኳትሮ ነበረች፤ ሾፌሩ ሀሰኖ ይባል ነበር። የአርቦዬ ሰው ነው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከመኪናው ሲወርድ ሁልጊዜ አንድ እጁን ሞተሩ ላይ አድርጎ ጥቂት የሚቆም ሰው ነበር። ሚስቱ ሀሊሜ ገበያ ላይ ጨውና ጥሬ ትሸጣለች፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ ዘሀራ ትምህርት ቤት ገብታ አማርኛ ታነባለች። እኔ በዚህ አገር ዘመድ የለኝም። ለፋሲካ ሀሊሜ እንቁላል ትልክልኛለች፤ ለኢድ እኔ ስኳር ይዤ እሄዳለሁ። ሀሰኖ ኬላው ላይ ሲደርስ መኪናውን አጥፍቶ ይወርድና፣ እኔ ስጽፍ እሱ በሜዳው የማን እህል ምን እንደሆነ ይነግረኛል፤ የማን ጆንያ አይጥ እንደገባው፣ የማን ምስር እንደነቀዘ ያውቃል። የስድስተኛው ዓምድ ግማሹ ከእሱ አፍ የተገኘ ነው። ሲሄድ በኦሮምኛ "ነጋቲ" ይለኛል፤ እኔም እንዲሁ እመልስለታለሁ። ከኦሮምኛ መጀመሪያ የለመድኩት እሱን ቃል ነው።

አንድ መኪና ብቻ ሲቀር የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ሆነ። ድሮ ሰው ተቆጥቶ ወደ አሰላ አቤት ይል ነበር፤ አሁን ሀሰኖ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። ሰላት ሰግዶ ሲወጣ ይጠብቁታል። ሀሊሜ ከጊዜ በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚያ ዓመት ሀሰኖ ቤቱ ምግብ በልቶ የጨረሰበት ቀን ጥቂት ነው፤ ጉርሻው አፉ ውስጥ ሳለ ሰው ይጠራዋል። እሱም የማንንም ፊት መመለስ አይችልም ነበር። ስልሳ አምስት ሲጭን ቆየ፤ ከዚያ ሰባውን ሞላ፤ ከዚያ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ። ክቡርነትዎ የወሰኑት ሰባ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ሰማንያ ሲያደርስ እኔ ሰማንያ ብዬ ጽፌ አስጠነቀቅሁት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሰባ ጭኖ መጣ። በመካከላችን ቅሬታ አልነበረም።

ዘንድሮ የካቲት ላይ በልጉ ሳይጠበቅ መጣ። ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። ሜዳ ላይ ከታኅሣሥ ጀምሮ የተቀመጠው ስንዴ ሸራ አልነበረውም፤ በሰኞ ዕለት ከጆንያው ስፌት መሐል አረንጓዴ ቡቃያ ወጥቶ አየሁ። ዲሪባ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ አለ፤ ሠላሳ አራት ኩንታል ስንዴው እዚያ ስድሳ ሁለት ቀን ተቀምጧል። ይህን በትክክል የምናገረው ስድስተኛው ዓምድ ውስጥ ስላለ ነው፤ እንዲሰረዝ ቢያዙም አልሰረዝኩትም ነበርና ይቅርታዎን እለምናለሁ። ዲሪባ ጆንያውን አንድ በአንድ እየፈታ፣ የበቀለውን ከላይ በእጁ እየጠረገ፣ ደረቁን ወደ ሌላ ጆንያ ይገለብጥ ነበር። ሰው ሊያግዘው ሲቀርብ በእጁ ምልክት ይመልሰዋል። በዓመቱ ያለው ነገር ሁሉ ያ ስንዴ ነው፤ ለባለመሬቱ የሚሰጠው ድርሻ ከዚያው ነው፤ ካልሰጠ ደግሞ መሬቱን ይለቃል።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪናው ከሜዳው ሲመጣ ከሩቁ ድምፁ ልክ እንዳልሆነ ሰማሁ። እንጨቱን ዘጋሁ። ሀሰኖ እንደ ልማዱ ወረደና እጁን ሞተሩ ላይ አደረገ። እኔ ዞሬ ቆጠርኩ፤ ዳግመኛ ቆጠርኩ። መቶ አራት ነበር። ክብደቱን የሚሸከመው የኋላው ባሌስትራ ቀጥ ብሎ ተጋድሟል። ጋቢናው ውስጥ ዲሪባ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ወደ እኔ አላየም።

ደንቡን ክቡርነትዎ ያወጡት ስለሆነ ያውቁታል፤ ሌላው አንባቢ ግን ይወቀው። ከተፈቀደለት በላይ ከሩብ እጅ አልፎ የጫነ መኪና ለሦስት ወር ከመስመሩ ይታገዳል። መቶ አራት ብዬ ብጽፍ አርቦዬ እስከ ግንቦት ድረስ ያለ አንድም መኪና ትቀራለች፤ ሜዳው ላይ ያለው ቀሪ እህልም ይበቅላል። ሠላሳ አራት ኩንታል ይውረድ ብል ደግሞ ልክ ሰባ ይሆናል፤ ጉዳዩ በደንቡ መሠረት ያልቃል። ይህንኑ ለሀሰኖ ነገርኩት። ድምፁን ሳይለውጥ፣

"አውርድ ካልከኝ አወርዳለሁ፤ የማንን እንደማወርድ ግን አንተ ንገረኝ" አለኝ።

ወደ ጋቢናው አየሁ። ሽማግሌው አሁንም ወደ ፊት እንደተመለከተ ነው። ከጆንያው በቀር የሚያየው ነገር ያለ አይመስልም ነበር፤ ጆንያው ግን ከኋላው ነው። ስም መጥራት አቃተኝ። ቀስ ብለህ ሂድ፣ ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ ውረድ አልኩት። እንዲያ አደርጋለሁ አለኝ። ወደ ክፍሌ ገብቼ በአራተኛው ዓምድ ላይ ሰባ ብዬ ጻፍኩ። ወጥቼ እንጨቱን አነሳሁ። "ነጋቲ" አለኝ፤ መለስኩለት።

ከኬላው በታች ቁልቁለቱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሆነውን የነገረኝ ዲሪባ ነው፤ እሱ ስለተረፈ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬኑ ተቃጠለ፤ ማርሹም አልይዝ አለ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ለገበያ የሚወጣ ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ ሴቶች ቅቤ ተሸክመው፣ ወንዶች አህያ እየነዱ። ሀሰኖ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ እየነፋ፣ በሌላ እጁ የዲሪባን በር ከፈተና በኦሮምኛ "አባ፣ አሁን ውረድ" አለው። ሽማግሌው እግሬ አልታዘዝ አለኝ ይላል፤ ሀሰኖ ገፍቶ ጣለው። ከዚያ መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን፣ ወደ ሰዉም ሳይሆን፣ ወደ ተራራው ጥግ አዞረው። መቶ አራቱ ኩንታል ከኋላ መጥቶ ጋቢናው ላይ ወደቀ።

እኔ ድምፁን ሰምቼ እየሮጥኩ ስደርስ ሰዉ ጆንያውን በእጁ ያነሳ ነበር። አንስተን ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ስናነሳ ሳላስበው እቆጥር ነበር፤ ልማድ ስለሆነ ማቆም አልቻልኩም። ሰባኛውን ጆንያ ሳነሳ ገና ፊቱ እንኳ አልታየም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። ከገበያ የመጣው ሰው ሁሉ እህሉን ጥሎ ቀብሩ ላይ ዋለ። ዲሪባ እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ነው የቀረበው። መንገድ ላይ ፈሶ የቀረውን ስንዴ ማንም አልለቀመውም፤ በሳምንቱ መንገዱ ዳር በቅሎ አየሁት።

ምርመራዎን ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ፣ ከአሰላ ማንም ሳይንቀሳቀስ፣ ውሳኔ ተሰጠ። መርማሪው የኬላውን መዝገብ ግልባጭ አየ፤ መዝገቡ ሰባ ይላል፤ ሰባ የተፈቀደ ነው፤ ስለዚህ መኪናው ከአቅሙ በላይ አልጫነም፤ ስለዚህ የአደጋው ምክንያት የሾፌሩ ግድየለሽነት ነው ተባለ። ሒሳቡ ስሕተት የለበትም። ዲሪባን ማንም አልጠየቀውም፤ የጭነት መኪና ሰው ስለማይጭን፣ በቅጹ ላይ ዲሪባ የለም። ሀሰኖ ገፍቶ ያወጣው ሰው በመንግሥት ወረቀት ላይ ከመጀመሪያውም ጋቢና ውስጥ አልተቀመጠም።

የውሳኔው ግልባጭ ለሟች ቤተሰብ እንዲደርስ በእኔ በኩል ተላከ። ሀሊሜ ኬላው ድረስ መጥታ ያንብቡልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። "ግድየለሽነት" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። በኦሮምኛ ልነግራት ሞከርኩ፤ ቃሉን አጣሁት፤ ያልተጠነቀቀ ሰው ማለት ነው አልኳት። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ፣

"እርስዎ ነዎት የጻፉት። ስንት ነበር የጫነው?" አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሰባ አልኳት።

ወረቀቱን አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ገበያ ስታየኝ ሰላምታ አትነፍገኝም፤ እንዲያውም እንቁላሉን ለፋሲካ ልካልኛለች። እንቁላሉን መብላት አልቻልኩም። በከተማው ግን ወሬው ዞረ፤ መንግሥት ራሱ ሀሰኖ እንቅልፋም ነበር፣ ጫት ላይ ያመሽ ነበር ብሎ ጻፈ ይባል ጀመር። ጽሕፈት ቤትዎ እንዲህ አላለም፤ አንድ ቃል ነው የጻፈው፤ የቀረውን ሰው ሞላበት። ዘሀራ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ቀረች። ምክንያቱን ሀሊሜን ስጠይቃት፣ ልጆች አባትሽ ሰው ሊፈጅ ነበር አሏት አለችኝ።

ያን ዕለት ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ድሮ ሰው ወረፋ ይጠብቅበት የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ይግቡ ብትለኝ አልገባሁም። መቶ አራት ነበር አልኳት። ለምን ሰባ እንዳልኩ፣ ማንን አውርድ ማለት እንዳቃተኝ፣ እንጨቱን ያነሳሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስትሰማ ቆይታ፣

"መቶ አራት መሆኑን አውቃለሁ። ጠዋት ሲወጣ ነግሮኛል። እኔ አራት ወር የጠበቅሁት እርስዎ እስኪነግሩኝ ነው" አለችኝ።

ቀጥላም አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። ያ ወረቀት በአማርኛ ነው፣ ማኅተም አለው፤ ይህም በአማርኛ ይጻፍ፣ ዘሀራ እንድታነበው፣ አለችኝ። የሚደርስብኝን ታውቃለች፤ ይህንንም አልሸሸገችኝም፤ ሥራዎን ያጡ ይሆናል ብላ አንገቷን ደፋች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ይህን ነው። በየካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. በአርቦዬ ኬላ መዝገብ፣ በሀሰኖ ስም ትይዩ፣ በአራተኛው ዓምድ ሰባ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር መቶ አራት ተብሎ ይታረምልኝ። ሐሰቱን የጻፍኩት እኔ ወልደጻድቅ ነኝ፤ ሾፌሩ እንዲህ ጻፍልኝ አላለኝም። በመንግሥት መዝገብ ሐሰት መጻፍ የሚያስከትለውን ቅጣት ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ አዲስ ጸሐፊ ሲቀጠር የማነብለት እኔ ነበርኩና። ቅጣቴን ለመቀበል በኬላው ክፍል ውስጥ እጠብቃለሁ። ግድየለሽነት የሚለው ቃል ግን ከስሙ ላይ ይነሳ። ቃሉ ባለቤት ካስፈለገው እኔ ድርሻዬን ወስጃለሁ፤ የቀረው ለማን እንደሚገባ በአክብሮት ለክቡርነትዎ ሚዛን ትቼዋለሁ።

ስለ መስመሩ ጉዳይ ደግሞ እንዳይጨነቁ። መኪናዋ ከተሰበረች ወዲህ በአርቦዬ መንገድ ምንም መኪና አላለፈም፤ ስለዚህ ምንም ጭነት አልተመዘገበም። የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት ሪፖርቶቼ እንደደረሱዎት እገምታለሁ። ጭነት የለም፣ መኪና የለም፤ ፍላጎትና አቅም እንዲህ ልክ ለልክ የተገናኙበት ሌላ መስመር በጠቅላይ ግዛቱ እንደማይኖር እርግጠኛ ነኝ። ሜዳው ላይ ግን ትናንት ዞሬ ስቆጥር ስምንት መቶ ስድሳ ሁለት ኩንታል ነበር። ግማሹ እህል መባሉ ቀርቷል። ከእሱ ውስጥ የዲሪባ የለበትም፤ ዲሪባ ለባለመሬቱ የሚሰጠው ስላጣ ልጁ ዘንድ ወደ ቆላ ወርዷል። ሲሄድ እያነከሰ ሀሰኖ መቃብር ድረስ ሄዶ ነበር።

የዚህ ደብዳቤ አንዱ ቅጂ ለክቡርነትዎ በፖስታ የሚላክ ነው፤ ሁለተኛው በኬላው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በሐሙስ ገበያ በአማርኛ አንብቤዋለሁ፤ በኦሮምኛ ደግሞ ሌላ ሰው አንብቦታል። ሦስተኛው ቅጂ የዘሀራ ነው። ትናንት ከእኔ ተቀብላ ቆማ አነበበችው፤ አንድ ቃል አስቸግሯት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አንብባ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ አየኋት።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለአምስቱ ዓምዶችዎ ዘላለማዊ ጽዳትን እየተመኘሁ፣ ከክቡር እግርዎ በታች ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ እስከዚህ ሰዓት ድረስ ያልተሻርኩ፣

ወልደጻድቅ
የአርቦዬ ኬላ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ የምስጋና ወረቀት ደረሰኝ፤ ጥሩ ወፍራም ወረቀት ነው። የአርቦዬ መስመር ባለፉት ሦስት ወራት አንድም የመኪና አደጋ ያልደረሰበት ብቸኛ መስመር በመሆኑ መሥሪያ ቤቱ መደሰቱን ይገልጻል። ምስጋናው የተሰጠው ለመንገዱ እንጂ ለእኔ ስላልሆነ፣ ወስጄ መንገዱ መሐል ላይ አስቀምጬለታለሁ፤ ነፋስ እንዳይወስደውም አራት ማዕዘኑ ላይ ጠጠር አድርጌበታለሁ። ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ጎማ አልነካውም።

ወ.